ድርሰት ላይ «ዲ» ያገኘችው ደራሲ

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይላል ያገራችን ሰው። ተራቹ ምን ዓይነት ሊጥ አይቶ እንደተረተ አላውቅም፤ ግን እውነቱን ነው የሚያሰኙ አጋጣሚዎች ሞልተዋል። ልጅ ሲጀምር ይቸኩላል፣ መሀል ላይ ይሰለቻል፣ መጨረሻ ላይ ለእናቱ ጥሎ ይሮጣል። አንዳንዴ ግን ልጅ ያቦካው ለእራት ቀርቶ ለስልሳ ዓመት ድግስ ሲበቃ እናያለን። ዛሬ የማወጋችሁ እንዲህ ስላለችው ልጅ ነው። በ15 ዓመቷ መጻፍ የጀመረችው ልብ ወለድ 18 ዓመት ሲሞላት ታተመ። እስከ ዛሬ ከ15 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ያንን መጽሐፍ በጻፈችበት ዓመት ታዲያ በትምህርት ቤቷ የፈጠራ ድርሰት ክፍል ያገኘችው ውጤት «ዲ» ነበር። ይህን ራሷ ናት ደጋግማ የተናገረችው።

ስሟ ሱዛን ኤሎይዝ ሂንተን ይባላል። ዓለም የሚያውቃት ግን ኤስ. ኢ. ሂንተን በሚለው ነው፤ ለምን እንዲህ እንደሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። የተወለደችው በ1948 በኦክላሆማ ግዛት፣ በቱልሳ ከተማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኦክላሆማ ለእኛ ፍጹም ባዕድ አገር አይደለችም። የዓለማያ እርሻ ኮሌጃችን የተመሠረተው ከኦክላሆማ እርሻና መካኒካል ኮሌጅ ጋር በተደረገ ውል ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1954 አሜሪካን ሲጎበኙ ስቲልዎተር ድረስ ሄደው ይህንን ኮሌጅ አይተዋል። ዓለማያ የተማሩ ሽማግሌዎች ስለ ኦክላሆማ ሲያወሩ በሬና ስንዴ፣ ላምና አፈር ነው የሚነሳው። ቱልሳ ግን የነዳጅ ዘይት ከተማ ነበረች። ራሷን «የዓለም የነዳጅ ዘይት መዲና» እያለች ትጠራ የነበረች፣ በዘይት የከበሩ ሰዎች ቤተ መንግሥት የሚያህል ቤት የሠሩባት ከተማ። ገንዘብ በብዛት የገባበት ከተማ ሁሉ ደግሞ ሁለት መልክ አለው፤ የደረሰው ሰፈርና ያልደረሰው ሰፈር። ሂንተን ያደገችው ባልደረሰው በኩል፣ በሰሜን ቱልሳ ነው።

የተማረችበት ዊል ሮጀርስ የሚባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ በወገን የተከፋፈሉ ነበሩ። በአንድ በኩል «ሶሽ» የሚባሉት አሉ፤ የሀብታም ልጆች፣ አዲስ መኪና የሚነዱ፣ ልብሳቸው የተተኮሰ። በሌላ በኩል «ግሪሰር» የሚባሉት አሉ፤ ጸጉራቸውን አሳድገው በቅባት የሚለስኑ፣ የጂንስ ሱሪና የቆዳ ጃኬት የሚለብሱ የድሃ ልጆች። ሂንተን ሰፈሯ የግሪሰሮቹ ነው፤ በትምህርቷ የተመደበችበት ክፍል ግን ሶሾቹ የሚበዙበት ነበር። ስለዚህ ሁለቱንም ታያለች፣ የሁለቱንም ወሬ ትሰማለች፣ ከሁለቱም አይደለችም። እንግዲህ ደራሲ የሚያስፈልገው መቆሚያ እንዲህ ያለ አይደል?

አንድ ቀን ጓደኛዋ ከሲኒማ ቤት ወደ ቤቱ ሲመለስ ሶሾች ይዘው ደበደቡት። ጥፋቱ ግሪሰር መምሰሉ ነው። ሂንተን ቤቷ ገብታ በንዴት መጻፍ ጀመረች። ንዴት ብቻውን መጽሐፍ አያስጨርስም፤ እሷም አላቆመችም፣ ከአራት ጊዜ ያላነሰ ደጋግማ ጻፈችው። በዚያው ጊዜ አባቷ በአንጎል ዕጢ ታመው እየሞቱ ነበር። ቤት ውስጥ ሞት እየመጣ፣ ልጅቱ ክፍሏ ውስጥ ትጽፋለች። በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ልጆች እናትና አባት የሌላቸው ወይም ቢኖሯቸውም እንደሌሏቸው የሚቆጠሩ የሆኑት በአጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም።

መጽሐፉ «ዘ አውትሳይደርስ» ይባላል፤ «ባይተዋሮቹ» ብንለው ያስኬዳል። ተራኪው ፖኒቦይ ከርቲስ የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ነው። ወላጆቹ በመኪና አደጋ ሞተዋል። የ20 ዓመቱ ታላቅ ወንድሙ ዳሪ ኮሌጅ የመግባት ሕልሙን ቀብሮ፣ የቤት ጣራ እየሠራ ታናናሾቹን ያሳድጋል። መካከለኛው ሶዳፖፕ ትምህርቱን አቋርጦ ነዳጅ ማደያ ተቀጥሯል። አንድ ጥፋት ከተገኘባቸው መንግሥት ሊበትናቸው ይችላል። ይህ ስጋት ከመጽሐፉ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አብሯቸው አለ።

አንድ ሌሊት መናፈሻ ውስጥ የሰከሩ ሶሾች ፖኒቦይን ይዘው ጭንቅላቱን ፏፏቴ ገንዳ ውስጥ ይደፍቁታል። ጓደኛው ጆኒ፣ በወላጆቹ ዱላ የደቀቀ፣ ጥላውን የሚፈራ የ16 ዓመት ልጅ፣ ስለት አውጥቶ አንዱን ሶሽ ይገድለዋል። ሁለቱ ልጆች ሸሽተው አንድ የተተወ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይደበቃሉ። በኋላ ያ ቤተ ክርስቲያን በእሳት ሲያያዝና ሕጻናት ውስጥ ሲቀሩ፣ ሁለቱ ወንጀለኞች ገብተው ያወጧቸዋል። ጆኒ የሚቃጠል ጣራ ወርዶበት በዚያው ሳቢያ ይሞታል። የሰፈሩ ሁሉ ጉልቤ ዳሊ ደግሞ የጆኒን ሞት መሸከም አቅቶት፣ ጥይት የሌለው ሽጉጥ በፖሊሶች ፊት አውጥቶ ራሱን ያስገድላል። ይኸው ነው ታሪኩ። ሲያጥር እንዲህ ሆኖ የሲኒማ ወሬ ይመስላል፤ ሲነበብ ግን ትልቁ ነገር ጠቡ አይደለም። ትልቁ ነገር እነዚህ «ዱርዬዎች» መጽሐፍ የሚያነቡ፣ ጀምበር ስትጠልቅ ቆመው የሚያዩ፣ እርስ በርሳቸው የሚሳሱ ልጆች መሆናቸው ነው። ሶሾቹም ቢሆኑ ቤታቸው ሰላም የሌለው፣ ሁሉ ተሰጥቷቸው «ተው» የሚላቸው ያጡ ልጆች ሆነው እናገኛቸዋለን። ድሃውን አጽድቃ ሀብታሙን ብቻ ኮንና ብትጽፍ ማን ይከለክላት ነበር? የ15 ዓመት ልጅ፣ ያውም ጓደኛዋ በተደበደበበት ንዴት ላይ ሆና፣ የጠላትን ቤት በር ከፍታ ማየቷ ነው እኔን የሚገርመኝ።

አሁን ወደ ኅትመቱ እንሂድ። የአንዲት ጓደኛዋ እናት የልጆች መጻሕፍት ጸሐፊ ነበሩ። ረቂቁን አንብበው ወደዱትና የደራስያን ወኪል አገናኟት። ቫይኪንግ የተባለው ታላቅ አሳታሚ ተቀበለው፤ የውሉ ደብዳቤ የደረሳት ከሁለተኛ ደረጃ በተመረቀችበት ዕለት ነበር። መጽሐፉ በሚያዝያ 1967 ወጣ። ሽፋኑ ላይ ግን ሱዛን የሚል ስም የለም። አሳታሚዎቹ «ስለ ወንዶች ጠብና ስለ ስለት ሴት ልጅ ጻፈች ከተባለ ሐያስያን ሳያነቡ ይጥሉታል» ብለው ሰጉና በሁለት ፊደል አሳጠሩት። ከሠላሳ ዓመት በኋላ በ1997 እንግሊዝ አገር የጠንቋዩን ልጅ የሃሪ ፖተርን ታሪክ የጻፈችውም ሴት ጄ. ኬ. ሮውሊንግ የተባለችው በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ ወንዶች ልጆች ሴት የጻፈችውን አያነቡም ተብሎ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሰው ጨረቃ ላይ ወጥቶ ተመልሷል። የሴት ስም ግን ከመጽሐፍ ሽፋን ላይ ገና መውጣት አልቻለም ነበር።

መጽሐፉ እንደወጣ ዓለም በሙሉ ተሻማበት ብዬ ብነግራችሁ ታሪኩ ይጣፍጥ ነበር፤ ግን እንዲያ አልሆነም። ርካሹ ባለ ለስላሳ ሽፋን እትም ከአዋቂ ልብ ወለዶች ጋር ተደርድሮ በየመድኃኒት መደብሩ መደርደሪያ ላይ ሲቀርብ ገበያው ቀዝቃዛ ነበር። አሳታሚዎቹ ግን አንድ ነገር አስተዋሉ፤ በአንዳንድ ቦታ መጽሐፉ በብዛት ይሸጣል። ምክንያቱ ሲጣራ አስተማሪዎች ለክፍል ንባብ እያዘዙት መሆኑ ተገኘ። ሌላው መጽሐፍ አልይዝ ያላቸው ተማሪዎች ይህንን ሳይጨርሱ አያስቀምጡትም። አሳታሚዎች ለካ ከሕጻናት ተረትና ከአዋቂ ልብ ወለድ መሀል የቆመ፣ ማንም ያልጠራው አንባቢ አለ ያሉት ያን ጊዜ ነው።

እውነቱን ለመናገር ለዚያ ዕድሜ የተጻፈ መጽሐፍ ከዚያ በፊት ፈጽሞ አልነበረም ማለት አይቻልም። ሞሪን ዴሊ የተባለች ደራሲ በ1942 «ሰቨንቲንዝ ሰመር» የሚል የአፍላ ፍቅር ልብ ወለድ አሳትማ እጅግ ተነቧል። በባልቲሞር ከተማ ደግሞ ማርጋሬት ኤድዋርድስ የተባሉ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ በ1940ዎቹ በፈረስ ጋሪ መጽሐፍ ጭነው ድሃ ሰፈር ለሰፈር እየዞሩ ለወጣቶች ያድሉ ነበር። አንባቢው ነበረ ማለት ነው፤ የጎደለው የሚያየውን የሚጽፍለት ሰው ነው። ሂንተን መጽሐፏ በወጣ በወራት ውስጥ፣ በነሐሴ 1967፣ በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ባወጣችው ጽሑፍ ይህንኑ ነው የተናገረችው። ለወጣቶች እየተባለ የሚጻፈው ሁሉ ስለ ዳንስ ግብዣና ስለ ፈረስ ሆኖ፣ ወጣቱ በየቀኑ የሚያየው ዱላና ብቸኝነት ግን የትም እንደማይጻፍ ገልጻ አዋቂዎችን ወቅሳለች። ጸሐፊዋ ራሷ ገና አፍላ ወጣት መሆኗን ልብ በሉልኝ።

ከዚህ በኋላ የመጣውን ብዙ ሰው አይነግራችሁም። ዝናው እንደመጣ ብዕሯ ደረቀ። ትናንት ማንም ሳያያት ክፍሏ ውስጥ ስትጽፍ የነበረች ልጅ አሁን «ቀጥሎ ምን ትጽፊ ይሆን?» የሚል ሕዝብ ከኋላዋ ቆሟል። ለዓመታት አንድ መስመር መጻፍ አቃታት። ያወጣት የወንድ ጓደኛዋ ነው። በቱልሳ ዩኒቨርሲቲ አብረው ይማሩ የነበሩት ይህ ወጣት ዘዴው ቀላል ነበር፤ በቀን ሁለት ገጽ ካልጻፍሽ አብረን አንወጣም አላት። ሁለት ገጽ ሁለት ገጽ እያለች «ዛት ዋዝ ዜን፣ ዚስ ኢዝ ናው» የተባለው ሁለተኛ ልብ ወለዷ አለቀና በ1971 ወጣ። ልጁንም በ1970 አገባችው። በዚያው ዓመት በመምህርነት ትምህርት ተመረቀች፤ ነገር ግን የማስተማር ልምምዷን ስታደርግ የተማሪዎቹ ችግር ቤቷ ድረስ እየተከተላት እንቅልፍ ስለነሳት አስተማሪነቱን ተወችው። ከዚያ «ረምብል ፊሽ» በ1975፣ «ቴክስ» በ1979፣ «ቴሚንግ ዘ ስታር ረነር» በ1988 ተከተሉ። ለወጣቶች የጻፈቻቸው ልብ ወለዶች በጠቅላላው አምስት ብቻ ናቸው። በዓመት ሁለት ሦስት መጽሐፍ ለሚደረድር የዛሬ ደራሲ ይህ ስንፍና ሊመስለው ይችላል።

ፊልሙ የመጣበት መንገድ ለብቻው ወግ ይወጣዋል። በካሊፎርኒያ ፍሬዝኖ ከተማ አቅራቢያ ሎን ስታር የሚባል ትንሽ ትምህርት ቤት አለ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ልጆቹ ይህን መጽሐፍ እየተሻሙ ሲያነቡት አይታ በ1980 «ዘ ጎድፋዘር»ን ለሠራው ለፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ «ይህንን ፊልም አድርግልን» የሚል ደብዳቤ ጻፈች፤ ተማሪዎቹም ፊርማቸውን አኖሩበት። የሆሊውድ ታላቅ ሰው የገጠር ልጆችን ደብዳቤ ከፍቶ ያነባል ብሎ ማን ያስባል? ግን ተነበበ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይሏል ይኼ ነው። ኮፖላ በ1982 ቱልሳ ድረስ ሄዶ ቀረጸው፤ ፊልሙ በ1983 ወጣ። ቶም ክሩዝ፣ ፓትሪክ ስዌይዚ፣ ማት ዲለን፣ ሮብ ሎው፣ ዳያን ሌን፣ ዛሬ ስማቸው ሲጠራ ሁሉም የሚያውቃቸው ተዋንያን ገና ጀማሪ ሳሉ አንድ ላይ የታዩበት ፊልም ነው። ሂንተንም ነርስ ሆና ብቅ ትላለች። በቀረጻው መሀል በዕረፍት ቀናቸው ከኮፖላ ጋር ቁጭ ብለው የ«ረምብል ፊሽ»ን የፊልም ጽሑፍ አዘጋጁ፤ እሱም በዚያው ዓመት ወጣ። የመጀመሪያው ፊልም መታሰቢያነቱ ለሎን ስታር ትምህርት ቤት ልጆችና ለቤተ መጻሕፍታቸው ሠራተኛ ነው።

ሁሉም ደስ ተሰኝቷል ማለት ግን አይደለም። በ1986 በዊስኮንሲን ግዛት መጽሐፉ ከ8ኛ ክፍል ንባብ ይውጣ የሚል ክርክር ተነስቶ ነበር፤ መጠጥና አደንዛዥ ዕፅ አለበት፣ ልጆቹም ከፈረሰ ቤት የመጡ ናቸው ተብሎ። በ1990ዎቹ በአሜሪካ ከትምህርት ቤቶችና ከቤተ መጻሕፍት እንዲወጡ ከተጠየቀባቸው 100 መጻሕፍት አንዱ ሆኗል። የወላጅ ስጋት ይገባኛል፤ ልጁን ከክፉ ነገር መከለል የማይፈልግ ማን አለ? ነገር ግን ከፈረሰ ቤት የመጣ ልጅ በዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። እሱን የሚመስል ልጅ ያለበትን መጽሐፍ ከመደርደሪያ ላይ ስናነሳ ለዚያ ልጅ ምን እያልነው ነው? «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ» ነው። መጽሐፉንም እንደዚያው።

እኔ ግን ሌላ ጥያቄ አለኝ። ሂንተን በተወለደችበት ከተማ፣ ከመወለዷ 27 ዓመት በፊት፣ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ 1921 የነጭ ሁከተኞች ግሪንውድ የተባለውን የበለጸገ የጥቁሮች ሰፈር ወረው 35 ያህል የከተማ ብሎኮች አቃጥለዋል። የሞቱት ሰዎች እስከ 300 ይደርሳሉ የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ። ይህ ታሪክ ለብዙ አሥርት ዓመታት በከተማይቱ ትምህርት ቤቶች በወጉ አልተነገረም። «ባይተዋሮቹ» የሚያወሳው የመደብ ልዩነትን ነው፤ ዋናዎቹ ገጸ ባሕርያት ሀብታምም ይሁኑ ድሃ ነጮች ናቸው። ልጅቱ ያልነገሯትን ለምን አልጻፈችም ብዬ አልወቅሳትም። ነገር ግን ባይተዋርነትን እንዲህ አጥርታ ያየች ዓይን አጠገቧ ያለውን ከሁሉ የባሰ ባይተዋር እንዳታይ ያደረገው የአዋቂዎቹ ዝምታ ነው። ልጅ የሚያየው ልናሳየው የፈቀድነውን ያህል ነው፤ ከዚያ አልፎ ካየም በራሱ ጉልበት ነው።

በ1988 የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች በዚያች በፈረስ ጋሪ ባለቤት በማርጋሬት ኤድዋርድስ ስም ለወጣቶች ደራስያን ሽልማት አቋቋሙ። የመጀመሪያዋ ተሸላሚ ሂንተን ሆነች። ፊልሙ የተቀረጸበት አሮጌ ቤት ታድሶ በ2019 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። በ2024 ደግሞ ታሪኩ በኒው ዮርክ ብሮድዌይ የሙዚቃ ቴአትር ሆኖ ቀርቦ የዓመቱን ምርጥ የሙዚቃ ቴአትር የቶኒ ሽልማት ወሰደ፤ ከአዘጋጆቹ አንዷ አንጀሊና ጆሊ ናት። ደራሲዋ ግን ከቱልሳ አልለቀቀችም፤ ስለ ግል ሕይወቷ ማውራትም ብዙ አትወድም።

እንዲህ ያለ ታሪክ ሲነገር ሰው ቶሎ ብሎ «አየህ፣ ትምህርት ቤት ሊቅ አያውቅም» ይላል። እኔ እዚያ ላይ መቆም አልፈልግም። ዲ ያገኘ ሁሉ ሂንተን አይሆንም። ደግሞም መጽሐፏን ከሞት ያተረፉት እነዚያው አስተማሪዎች ናቸው። ቁጠሩልኝ እስቲ፤ ረቂቁን አንብበው ወኪል ያገናኙት የጓደኛዋ እናት፣ በቀን ሁለት ገጽ ያላት ወጣት፣ መጽሐፉን ክፍል ውስጥ ያስገቡ መምህራን፣ ደብዳቤ የጻፈችው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ። ከእነዚህ አንዳቸውም መጽሐፉን አልጻፉትም። እነሱ ባይኖሩ ግን ብራናው አንድ መሳቢያ ውስጥ በቀረ ነበር። ልጅ ያቦካው ለእራት የማይበቃው ብዙ ጊዜ ሊጡ ስለከፋ አይደለም፤ ምጣዱን የሚጥድ፣ እሳቱን የሚያነድ አዋቂ ስለሚጠፋ ነው።

የመጽሐፉን መጨረሻ ልንገራችሁና ላብቃ። ፖኒቦይ ከዚያ ሁሉ ሞት በኋላ ትምህርቱ ተበላሽቶ ሊወድቅ ተቃርቧል። የእንግሊዝኛ አስተማሪው ጠርቶ ጥሩ ድርሰት ጽፎ ካመጣ እንደሚያሳልፈው ይነግረዋል። ልጁ ምን እንደሚጽፍ ሲያስብ ይቆይና ብዕሩን ያነሳል፤ ያነበብነው መጽሐፍ በሙሉ ያ ድርሰት ሆኖ ይገኛል። ድርሰት ላይ «ዲ» ያገኘች ልጅ፣ በልብ ወለዷ ውስጥ «እስቲ ጻፍ፣ አነበዋለሁ» የሚል አስተማሪ ፈጠረች። ለእነዚያ ሁሉ ልጆች የተመኘችላቸው ከዚህ የበለጠ ነገር ያለ አይመስለኝም።